ብርድ ነው

ሸዋረገድ የበሽታ ስም መጥራት የማትወድ ሴት ናት። ሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ጎረቤቷን «ያ ሳል የያዘው» ትለዋለች። ባሏ ጉበቱን ታሞ ሲሞት፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ቢላት «ትንሽ አሞት» እያለች ነው የቀበረችው። ትንሽ ያመመው ሰው እንደማይቀበር የነገራት የለም። የበሽታን ስም ከጠሩት፣ ሰምቶ የሚመጣ ይመስላታል።

ለሁሉም የምትሰጠው አንድ ስም ነበራት፤ ብርድ። ወገብ ቢቆርጥ ብርድ ነው። ሽንት ቢያቃጥል፣ ጉልበት አልታዘዝ ቢል፣ ዓይን ቢያለቅስ፣ ብርድ ነው። ደግሞ ማን ይከራከራታል? የነፋስ ስልክ ክረምት እንደሆነ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ የሚያድር ነው። ከፉሪ በኩል የሚመጣው ንፋስ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ገብቶ ከሰው ጋር አልጋ ይጋራል። በዚያ ሰፈር ብርድ ያልመታው ሰው ቢኖር የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ እሱም ካፖርት ስላለው ነው።

እንግዲህ በዚህች ቃል ነው ገዲሴን ልትገድላት የነበረው።

ገዲሴ የልጇ የአባይነህ ሚስት ናት፤ የፉሪው ገበሬ የአቶ ቀጄላ ልጅ። አባይነህ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ሙሽርነታቸው ገና አልወጣላቸውም ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ሄደ። ገዲሴ ከአማቷ ጋር ቀረች፤ ጠዋት ፋብሪካ ትገባለች፣ ማታ መጥታ ያቺን አንድ ክፍል ቤት በሳቋ ትሞላታለች። ሸዋረገድ በዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ የአባይነህን ልጅ ማቀፍ። አንድ ለእናቱ ነው፤ ግንባር ያለ ልጅ ደግሞ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ይህንን አፍ አውጥታ አትናገረውም፤ ተኝታ ስትነሳ የምታስበው ግን እሱን ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ አባይነህ ከሰሜን በፈቃድ መጣ። ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ግን በሕይወት። ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣለት። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጓድ ማሚቴ ራሷ መጥታ «የጀግና እናት» ብላ ሸዋረገድን አገላብጣ ሳመቻት። ከቀበሌው ሱቅ ሳትሰለፍ ስኳር ሰፈሩላት። ያን ሰሞን ሸዋረገድ መሬት አልበቃትም።

ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባይነህ እናቱን ወደ ጓሮ ጠራት።

«እማዬ፣ ሽንቴን ያቃጥለኛል» አላት። «ደግሞ... ሌላም ነገር አለው።»

ፊቱን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል። እናት ናትና ከዚያ በላይ እንዲናገር አልፈለገችም።

«ብርድ ነው» አለችው።

«አዎ፣ ብርድ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

ሁለቱም ምን እንደሆነ አውቀዋል፤ ሁለቱም እንዳላወቀ ሰው ሆኑ።

ጋሽ እንግዳ ዘንድ ወሰደችው። ጋሽ እንግዳ ድሮ የጦር ሠራዊት ድሬሰር የነበረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ስሙን ማስጻፍ ያፈረ ሁሉ መሸሻው እሱ ነው። መርፌውን በትንሽ ድስት ቀቅሎ፣ መጋረጃውን ስቦ፣ አባይነህን ፔኒሲሊን ወጋው። ከዚያ ሸዋረገድን ወደ በሩ ጠጋ አደረጋት።

«ሚስቱንም አምጪያት» አላት በሹክሹክታ። «እሷም መታከም አለባት።»

«እሷ እኮ ምንም አላመማት።»

«ሴት ላይ ቶሎ አይታወቅም። ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄደው። አምጪያት ብዬሻለሁ።»

«እሺ» አለች ሸዋረገድ።

እሺ ብላ ወጣች። አባይነህ በማግስቱ ቀለለው፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ የእናቱን ጉልበት ስሞ ሄደ። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። እናቴ ትነግራታለች ብሎ ይሆናል። እናቱ ደግሞ እሱ ነው እንጂ እኔ ምን አግብቶኝ ብላለች።

በእርግጥ አንድ ሁለቴ ልትነግራት ተነስታ ነበር። ግን ምን ብላ? «ነይ ልጄ፣ ባልሽ ከግንባር ያመጣልሽ ነገር አለ» ትበላት? የጀግናው ስም በጨብጥ ይነሳ? አቶ ቀጄላ ጆሮ የደረሰ እንደሆነ ልጁን በማግስቱ ጠቅልሎ ይወስዳታል፤ ያኔ ትዳር የለ፣ የልጅ ልጅ የለ። ደግሞስ ልጅቷ ምን ሆነች? ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ማለዳ ተነስታ ሥራዋን ትሄዳለች። ማን ያውቃል፣ አርግዛም ይሆናል። ያረገዘችን ሴት ዝም ብሎ መርፌ ያስወጓታል? ሸዋረገድ እንዲህ እንዲህ እያለች ዛሬን ለነገ፣ ነገን ለከነገ ወዲያ ስትሰጥ ሰኔ አለቀ።

ሐምሌ በገባ ገዲሴ ከሥራ ሆዷን ይዛ መጣች።

ሸዋረገድ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ የምትመኘው የመጣ መሰላት። «እምብርትሽ አካባቢ ነው? ያቅለሸልሽሻል?» አለቻት።

«ዝቅ ብሎ ነው፣ እማማ። ሁለቱንም ጎኔን። ደግሞ...» ገዲሴ አንገቷን ደፋች። «ልብሴን ያበላሽብኛል። ሽታም አለው።»

ሸዋረገድ የያዘችውን ጣሳ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። የጋሽ እንግዳ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ያኔ እንኳ ብትናገር ኖሮ ጊዜ ነበራት። እሷ ግን ያቺን የለመደቻትን ቃል ነው ያነሳችው።

«ብርድ ነው» አለቻት።

ገዲሴ አመነቻት። ለምን አታምናት? ከመጣች ጀምሮ በዚያ ቤት ስለ ሰው ገላ የሚያውቅ ሸዋረገድ ናት። ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ሰጠቻት፤ ጠጣች። ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ አሙቃ ሆዷ ላይ አሰረችላት፤ ዝም ብላ ተቀበለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ጀመራት። ገላዋ እንደ ምድጃ እየነደደ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ብርድ ብርድ ይለኛል፣ እማማ» ትላለች።

«ይኸው፤ ብርድ ነው አላልኩሽም?» ትላታለች ሸዋረገድ ጋቢ እየደረበችላት። ይህንን ስትል ግን የገዲሴን ፊት አታይም። እሷንስ ማን ያታልላት።

መጨረሻ ላይ ሲጨንቃት ደግፋ ጋሽ እንግዳ ዘንድ አደረሰቻት። ጋሽ እንግዳ ሆዷን በጣቱ ጫን ቢያደርግ ገዲሴ ጩኸቷን አቀለጠችው። እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«ይሄ ከኔ በላይ ነው» አለ። «ሆስፒታል ውሰጃት። ዛሬውኑ።»

«መርፌውን ውጋልኝና ልሂድ። ያንኑ መርፌ።»

«ያኔ ነበር እንጂ ያ መርፌ።»

«ለሱ አንድ በቅቶት የለም እንዴ? ያው ብርድ አይደል?» ሸዋረገድ እጁን ይዛ ለመነችው። «ባባትህ፣ ጋሽ እንግዳ። ሆስፒታል ብወስዳት የማይጠይቁት ነገር የለም።»

የሰፈር ሰው ነው፤ የዘማች እናት ናት፤ እምቢ ማለት አቃተው። ወጋት። ለወንዱ አንድ መርፌ በቃው፣ ለሴቷም አንድ ይበቃል፤ የሸዋረገድ ሒሳብ ይኸው ነበር። ለሁለቱ አንድ ስም ስላወጣችላቸው በሽታውም አንድ መሰላት። በማግስቱ ደግሞ እውነትም ትኩሳቱ በረድ አለ። ገዲሴ ተነስታ ሾርባ ቀመሰች። ሸዋረገድ ወደ ማርያም ዞራ ግንባሯን መሬት አስነካች። እፎይታዋ ሁለት ሌሊት አልቆየም። ትኩሳቱ ሲመለስ ብቻውን አልመጣም፤ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ትውከቱ አላቆም አለ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ።

ጓድ ማሚቴ ሰምታ መጣች። ይህቺ ሴት ስብሰባ ላይ ነገር ታበዛለች እንጂ ለችግር ቀን ሰው ናት። «የዘማች ሚስት እንዲህ ሆና ቤት ትተኛለች?» ብላ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ታክሲ አስቁማ፣ ገዲሴን በጋቢ ጠቅልለው ወሰዷት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበላቸው ዶክተር ደገፋ ነው፤ ገና ወጣት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። የገዲሴን ሆድ ነካ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ጥያቄውን ጀመረ።

«ባለቤቷ የት ነው?»

«ዘማች ነው» አለች ጓድ ማሚቴ ቀድማ። «ሰሜን ግንባር። እቺ እናቱ ናት።»

«በቅርብ መጥቶ ነበር?»

«ግንቦት ላይ» አለች ሸዋረገድ።

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ያኔ እሱ አሞት ነበር? ሽንቱን ያቃጥለው ነበር? ፈሳሽ ነበረው?»

ሸዋረገድ ማሚቴን አየቻት። ማሚቴ ደግሞ ጥያቄው እሷን እንደ ሰደባት ሁሉ ዶክተሩን አፍጥጣ ታየዋለች። በዚያች ደቂቃ የሸዋረገድ ልብ ውስጥ ሁለት ሰው ተያያዘ፤ አንዱ የሞት አፋፍ ላይ ያለችው ልጅ፣ አንዱ ግንባር ያለው ልጅ። ግንባር ያለው አሸነፈ።

«ልጄ ጨዋ ነው» አለች። «ምንም አላመመውም።»

«እሷስ? ፈሳሽ፣ ሽታ?»

«ብርድ ነው፣ ዶክተር። ክረምቱ ነው።»

«መርፌ የወጋት ሰው አለ?»

«የለም።»

ዶክተሩ ገዲሴን ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። ገዲሴ ከንፈሯን እንደምንም አላቃ «ብርድ ነው» አለች። አማቷ ያስተማረቻትን።

«ሁለት ነገር ነው የጠረጠርኩት» አለ ዶክተር ደገፋ ወደ ሸዋረገድ ዞሮ። «ከማህፀኗ የተነሳ ከሆነ በመድኃኒት ነው የምንጀምረው። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ከሆነ ግን መክፈት ግድ ነው። እናንተ ከምትሉኝ ተነስቼ ትርፍ አንጀት ነው የምለው። የደም ግፊቷ በጣም ወርዷል፤ ማደንዘዣውን መቻሏን እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ከዚህ በላይ አይቆይም። የቀዶ ጥገናው ክፍል እንደተለቀቀ ትገባለች።»

ማሚቴ ልብስና አጥሚት ላምጣ ብላ ወደ ሰፈር ተመለሰች። ሸዋረገድ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረች። ሲስተር ዘነቡ የምትባል ነርስ ግሉኮሱን ሰካችና ሄደች። ገዲሴ ዓይኗን እንደጨፈነች የአማቷን እጅ ፈልጋ ያዘች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ምን አደረግሽና ነው?»

«ሰኔ ላይ አባቴ ጋ ሄጄ ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። እርስዎ በክረምት ወንዝ አትግቢ፣ ብርድ ይመታሻል ብለውኝ ነበር። አልሰማሁዎትም። እኔው ነኝ በገዛ እጄ ያመጣሁት።»

«ተይ ልጄ።»

«ለአባይነህ የወንዙን ነገር አይንገሩት። ልጅ የምወልድበትን ነው እኮ ያመመኝ። ሆነ ብላ አበላሸችው ይለኛል።» ትንፋሽ አጠራት። «ከሞትኩም... ብርድ ነው የገደላት ይበሉት። ሌላ አይበሉት።»

ሸዋረገድ እጇን አላቃ ተነሳች። ከዚያ በኋላ እግሯ እንዴት እንደወሰዳት አታውቅም። ኮሪደሩን እንደ እብድ ሮጠች፤ አንዱን ጋዋን የለበሰ ይዛ «ዶክተር ደገፋ የት ነው?» አለች፤ ሌላውን ይዛ እንደዚያው። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አገኘችው። እጁን ሊታጠብ ሲገባ የጋዋኑን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችው።

«ጨብጥ ነው» አለችው።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሌላ ሴት የተናገረችው መሰላት። ስለዚህ ደገመችው።

«ጨብጥ ነው። ልጄ ነው ያመጣባት። ግንቦት ላይ እሱን መርፌ አስወግቼ አዳንኩ፣ እሷን ተውኳት። ጋሽ እንግዳ፣ መርፌ ወጊው፣ ሚስቱንም አምጪያት ብሎኝ ነበር፤ እሺ ብዬው ሄጄ ቀረሁ። ፈሳሽም ነበራት፣ ሽታም ነበረው። ሰሞኑን አንድ ፔኒሲሊን አስወጋኋት፤ ቀለል ብሏት ነበር፣ ተመልሶ ባሰባት። ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ። አትቅደዳት። እሷ አትችልም፤ እኔን ቅደደኝ።»

ዶክተሩ አላያትም። በትከሻዋ አሻግሮ ከኋላዋ ያለውን ነው የሚያየው። ሸዋረገድ ዞረች። ሲስተር ዘነቡ የሚገፋውን አልጋ ይዛ ቆማለች። አልጋው ላይ ገዲሴ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች፤ ከዓይኗ ጥግ እንባ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሰምታለች።

ዶክተር ደገፋ አልተቆጣም። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። መርፌው መቼ እንደተወጋ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነች ጠየቃት፤ አሁን የጠየቃትን ሁሉ መለሰች። ከዚያ ገዲሴን ወደ ምርመራ ክፍል መልሶ አስገብቶ ዳግመኛ መረመራት። ሲወጣ ለሲስተር ዘነቡ መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ።

«ያ አንድ መርፌ ለምን አላዳናትም?» አለች ሸዋረገድ። አሁን እንኳ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

«ልጅሽ ላይ በሽታው ገና ደጅ ነበር። እሷ ላይ ቤት ገብቷል። ማህፀኗን አልፎ ቱቦዎቿ ውስጥ መግል ቋጥሯል። አሁን ደግሞ አንድ ተህዋስ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ገብተውበታል። አንዱ መድኃኒት የማይገድለውን ሌላው ነው የሚገድለው። ስለዚህ ሦስት ዓይነት እንሰጣታለን፤ ፔኒሲሊን፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ጄንታማይሲን፤ አብረው፣ በየሰዓታቸው፣ ሳይቋረጥ። አንድ ወግቶ መተው መግሉን ትንሽ አስተኝቶ ማስነሳት ነው።»

«ትድናለች?»

«በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም መግሉ ከፈነዳ መክፈታችን አይቀርም። ያኔ ማህፀኗንም ማውጣት ሊኖርብን ይችላል። በሕይወት ከቆየችልን።» ማዘዣውን ሰጣት። «ጄንታማይሲኑ እኛ ዘንድ አልቋል። ከውጭ ብታገኚ ዛሬውኑ አምጪው።»

ሸዋረገድ ከተማውን በዝናብ አካለለችው። አንዱ መድኃኒት ቤት «የለም» ይላታል፤ ሌላው ማዘዣውን ሳያይ እጁን ያወናጭፋል፤ ሌላው «የሚቀጥለው ወር ይመጣ ይሆናል» ይላል። የሚቀጥለው ወር። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ የፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየቀረ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ተንከራተተች። እየሄደች ስታለቅስ ሰው አያውቅባትም፤ ዝናቡ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ባለሙያ ማዘዣውን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

«ያለን ጥቂት ነው። ለባሰበት ነው የምንሰጠው። ለማን ነው? ምን ሆና?»

ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። ሸዋረገድ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ለልጄ ሚስት ነው። ማህፀኗ መግል ይዟል። ጨብጥ ነው የጀመረው፣ ከልጄ ነው የያዛት» አለች።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቃትም፤ ብልቃጦቹን ጠቅልሎ ሰጣት። ሸዋረገድ ጡቷ ሥር ሸጉጣ ይዛቸው ሮጠች።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነበር። ሲስተር ዘነቡ ትመጣለች፣ ትወጋለች፣ ቴርሞሜትሩን አይታ ካርዱ ላይ ጽፋ ትሄዳለች። ገዲሴ ትቃዣለች፤ አባቷን በኦሮምኛ ትጣራለች፣ እናቷን ትጣራለች፣ አባይነህን ግን አልጠራችውም። ሸዋረገድ ጨርቅ እያረጠበች ግንባሯ ላይ ታኖራለች፤ የቆሸሸውን ታጥባለች፣ አስጥታ ታደርቃለች። ምድር ቤት ወርዳ «ማርያም፣ የልጅ ልጅ አልጠይቅሽም፣ እሷን ብቻ ተዪልኝ» ብላ ስታለቅስ የጽዳት ሠራተኞቹ አይተው አልፈዋታል። ከዚህ በፊት ለማርያም ስትለምን የልጅ ልጁን ትታ አታውቅም ነበር።

አቶ ቀጄላ ከፉሪ በእግሩ መጣ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ «ምን ሆነችብኝ?» አለ። ሸዋረገድ አፏን ከፈተች፤ ገዲሴ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ «በኋላ፣ አባ» አለች። ለአባቷ ያለችው ይህንን ብቻ ነው። ለአማቷ ያንንም አላለቻትም። ሸዋረገድ ወደ አልጋው ዞር ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው ነው የምታዞረው።

ትኩሳቱ ሲወርድ ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ ሸዋረገድ ስትዳስሳት ያ የሚፋጅ ገላ የሰው ገላ ሆኖ አገኘችው። ሆዷ ላላ። ውሃ ጠየቀች። ዶክተር ደገፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ሊያስወጣት ሲል ሁለቱንም አጠገቡ አስቀመጣቸው።

«ከሞት ተርፈሻል» አላት ገዲሴን። «ይህንን እንክብል እስኪያልቅ ውሰጂው፤ ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ባልሽም እንደገና መመርመር አለበት። አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። መግሉ ቱቦዎችሽን ጎድቷቸዋል፤ ተጣብቀዋል ብዬ እፈራለሁ። ልጅ መውለድ በጣም ነው የሚከብድሽ። አይሆንም ብዬ አልምልም፤ ግን ተዘጋጂ።»

ገዲሴ አንገቷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ሸዋረገድ ናት፤ እሷም ድምፅ ሳታሰማ።

ቤት የገቡ ዕለት ሰፈሩ ሊጠይቅ መጣ። ጓድ ማሚቴ፣ ጎረቤቶቹ፣ አቶ ቀጄላ፣ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀመጡ። ገዲሴ አልጋው ላይ ተደግፋለች። ሸዋረገድ በሩ ጥግ በርጩማ ላይ ነች፤ ቀና ብላ ሰው ማየት አቅቷታል።

«እግዜር ይማርሽ» አለች ማሚቴ። «ለመሆኑ ምንድን ነው አሉሽ ሐኪሞቹ?»

አቶ ቀጄላ ከባርኔጣው ላይ ዓይኑን አነሳ። ሸዋረገድ ከበርጩማው ልትነሳ ከጀላት፤ ተነስታ ምን እንደምትል ግን አታውቅም። ገዲሴ ወደ እሷ ዞረች። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ብርድ ነው» አለች ገዲሴ።

«አይዞሽ፣ ብርድ ከሆነ ይለቃል» አለች ማሚቴ። «አባይነህ ይምጣ ብቻ፤ በዓመቱ ልጅ ታቅፊያለሽ። አይደለም ወይ ሸዋረገድ?»

ጎረቤቶቹ አሜን አሉላት።

ሁሉም ሲሄዱ፣ አቶ ቀጄላም ልጁን ግንባሯን ስሞ ሲወጣ፣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሸዋረገድ እንክብሉንና ውሃውን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ለምን እንደዚያ አልሽ፣ ልጄ?» አለች። «ብትናገሪ አልከለክልሽም ነበር። ይገባኛል።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች ገዲሴ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ያ ነው ሸዋረገድን ይበልጥ ያስፈራት። «ለአባቴ ብነግረው ዛሬውኑ ይወስደኛል። ወስዶ ምን ያደርገኛል? የማትወልድ ሴት ማን ያገባል? መሄጃ የለኝም፣ እማማ። እዚሁ ነው የምኖረው።»

እንክብሉን ተቀብላ ዋጠች። ኩባያውን መለሰችላት።

«አባይነህ ሲመጣ ልጅ ይለኛል» አለች። «ያኔ እርስዎ ይንገሩት። ብርድ ነው እንዳይሉት። በስሙ ይንገሩት።»

«እሺ» አለች ሸዋረገድ።

ገዲሴ ጋቢውን ወደ ትከሻዋ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለጋሽ እንግዳም እሺ ብለውት ነበር» አለች።